የልጄን ቦርሳ የያዝኩባቸው ሁለት ቀናት

ልጄ ጎልፍ ተጫዋች ነበረች። ለመዝናናት አልነበረም የምትጫወተው፤ ሥራዋ ነበር። ይህን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ሰርግ ወይም ለቅሶ ቤት ስሄድ አንዷ አጠገቤ ትቀመጥና፣ «ያንቺ ልጅ አሁን ምን ላይ ናት?» ትለኛለች።

«ጎልፍ ትጫወታለች።»

«እሱስ ይሁን፣ ሥራዋን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ሥራዋ ነው።»

«ኳስ ጉድጓድ ውስጥ ስለከተተች ይከፍሏታል?»

«ከሌሎቹ ባነሰ ምት ከከተተች ይከፍሏታል።»

«ወይ ካናዳ!» ትላለች፤ ሌሎቹም ይስቃሉ። እኔም ፈገግ ብዬ ዝም እላለሁ። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ የክፍላችን ኃላፊ በካርዴ ላይ «ጸጥተኛ ናት» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነገሩ የተጀመረው በአባቷ ታክሲ ነው። ከተማው በነዳጅ ገንዘብ በሚንበሸበሽበት ጊዜ፣ አንድ ተሳፋሪ ከኤርፖርት መጥቶ ዳውንታውን ሲወርድ የጎልፍ ቦርሳውን ከነዱላዎቹ መኪናው ኋላ ረስቶት ሄደ። ባለቤቴ አድራሻውን አፈላልጎ ቢሮው ድረስ ቢወስድለት፣ ሰውየው ከወንበሩ እንኳን ሳይነሳ «ሌላ ገዝቻለሁ፣ ላንተ ይሁን» አለው። ባለቤቴ ይህን ሲያወራ ሳምንት ከረመ። ከዚያ አንድ እሁድ ፔንብሩክ ሰፈር ከቤታችን ጀርባ ወዳለው የትምህርት ቤት ሜዳ ቦርሳውን ይዞ ወጣና መምታት ሞከረ። ሣሩን እንጂ ኳሱን አልነካውም። ልጃችን ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቆማ ስታየው ቆየችና «አባ፣ እኔ ልሞክር» አለች። ዱላው ደረቷ ላይ ይደርስ ነበር። ኳሱ አጥሩን አልፎ ሄደ። ባለቤቴ ኳሱን ሊፈልግ ሲሄድ እየሳቀ ነበር፤ ሲመለስ ግን አይስቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ሁሉንም አልጽፈውም። በክረምት የቤት ውስጥ መለማመጃ፣ በበጋ በየሜዳው፣ በኋላም አሜሪካ በዚሁ ጨዋታ ያገኘችው የትምህርት ዕድል። በሃያ ሁለት ዓመቷ ፕሮፌሽናል ሆነች። ፕሮፌሽናል ሲባል ሰው የሚያስበው ቴሌቪዥን ላይ የሚያየውን ነው። የእሷ ግን ከከተማ ከተማ በመኪና መንዳት፣ የሰው ቤት ማደር፣ ልብስ በሳንቲም ማሽን ማጠብ ነበር። አንድ ሳምንት ዐሥረኛ ወጥታ ትደውላለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሁለተኛው ቀን ውጤቷ አልበቃ ብሎ ተቆርጣ ትቀራለች። እኔ ስልኩን ሳነሣ ውጤቱን ከድምጿ በፊት ከአተነፋፈሷ አውቀው ነበር።

በመጨረሻ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ስፖንሰር ሆናት። ኩባንያው ዳውንታውን፣ ሰባተኛ አቬኑ አጠገብ ካለው ፎቅ ሦስት ወለል ይዟል። እኔ ደግሞ በዚያው ፎቅ የቀን ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ይህን ከእሷና ከአባቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሊፍቱ አጠገብ ትልቅ ፎቶዋን ለጥፈው ነበር፤ ዱላውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሩቅ ታያለች። ጠዋት ጠዋት መስተዋቱን ስወለውል ፊቷን እወለውላለሁ። አንዳንድ ሠራተኛ ሊፍት እየጠበቀ «ጎበዝ ናት፣ የዚህ ከተማ ልጅ ናት አሉ» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ። ልጄ ናት ለማለት ለምን እንዳልቻልኩ እንጃ። በእጄ ጨርቅ ይዤ ስለነበር ይሆናል።

ከዚያ ዘይት ወደቀ፤ የነዳጅ ዋጋ ማለቴ ነው። ሁሉም የሚለው እንዲህ ነበር፤ «ዘይት ወደቀ»፣ ከጠረጴዛ ላይ የወደቀ ብርጭቆ ይመስል። እኔ ያወቅኩት በቆሻሻ ቅርጫት ነው። መጀመሪያ ቅርጫቶቹ ከበዱ። ሰው መሳቢያውን እየገለበጠ ወረቀቱን፣ ኩባያውን፣ የልጆቹን ሥዕል ጭምር ይጥላል። ከአንድ ወር በኋላ ቀለሉ። ከዚያ ባዶ ሆኑ፤ እኔ ግን በየቀኑ እየዞርኩ አያቸዋለሁ፣ ሥራዬ ነውና። ሰው የሌለባቸው ጠረጴዛዎች ላይ የቀሩትን አበቦች ውሃ አጠጣለሁ፤ ማንም አላዘዘኝም። በፎቆቹ መካከል የሚያሻግሩት የፕላስ ፊፍቲን መተላለፊያዎች ውስጥ ምሳ የሚሸጡት አንድ በአንድ ዘጉ። ባለቤቴ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ አራት ሰዓት ቆሞ አንድ ሰው ይዞ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ማናችንም ተረጋግተን አንቀመጥም ነበር። እሱ መኪናውን ለሦስተኛ ጊዜ ይጠርጋል፣ እኔ ታጥቦ የተቀመጠ ዕቃ እንደገና አጥባለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሊፍቱ አጠገብ ስደርስ ግድግዳው ባዶ ነበር። አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ። ፎቶዋን ያገኘሁት ማተሚያው ክፍል ውስጥ፣ ሰማያዊው የወረቀት ማጠራቀሚያ ውስጥ ተጣጥፎ ነው። አወጣሁት፣ አቃናሁት፣ ጠቀለልኩት፤ በከተማው ባቡር፣ በሲ-ትሬን፣ ቤት ወስጄ ቁም ሣጥኔ ኋላ አቆምኩት። ለልጄ አልነገርኳትም። ምናልባት በአዲስ ፎቶ ሊተኩት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ከምል፣ እንዲያ ብዬ ራሴን አታለልኩ ብል ይሻላል።

ዓርብ ዕለት ከኩባንያው ኢሜይል ደረሳት፤ ስፖንሰርነቱ አብቅቷል የሚል። ሁለት መስመር ነበር። እሷም አላለቀሰችም። በሳምንቱ ፎጣ ፍለጋ ቁም ሣጥኔን ከፍታ ፎቶውን አገኘችው።

«ይሄን መቼ አመጣሽው?»

«ሰኞ።»

«የትኛው ሰኞ?»

«ኢሜይሉ ሳይመጣ።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። «እማ፣ ያን ሳምንት ረቡዕ አንድ ሌላ ሰው ደውሎልኝ ነበር። የመኪና መሸጫ ያለው። ሎጎዬን ደረትሽ ላይ ታደርጊልኛለሽ ወይ ሲለኝ፣ ይቅርታ ስፖንሰር አለኝ አልኩት። አሁን ብደውል ሌላ ሴት ይዣለሁ አለኝ።»

ፎቶውን መልሳ ጠቀለለችው።

«ከዛሬ ጀምሮ የምታውቂውን ነገር በዚያው ቀን ንገሪኝ። መጥፎም ቢሆን። እሺ?»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ አይደለም፣ ፕሮሚስ አድርጊልኝ።»

ቃል ገባሁላት።

በዚያ ወር መጨረሻ እኔም ከሥራ ተቀነስኩ፤ ሌይ ኦፍ ይሉታል። ሁለት ወለል ሲዘጋ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሥራ ብቻ ቀረ፤ እሱም ለሌላዋ ጽዳት ሠራተኛ ደረሰ። ልጄ ደግሞ ከፊቷ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በግንቦት መጨረሻ ከከተማው በስተደቡብ፣ ተራሮቹ በሚታዩበት ሜዳ ላይ የሚደረግ የሁለት ቀን ማጣሪያ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ አምስት ሴቶች የዓመቱን ካርድ ያገኛሉ፤ ካርድ ያለው በየውድድሩ ይገባል። ካርድ የሌለው ቤቱ ይቀመጣል። ልጄ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነበር። እራት ላይ፣ ሰሃኗን እያየች፣ «ይሄ ካልሆነ በቃኝ። ሥራ እፈልጋለሁ» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ስለዚህ እውነቷን እንደሆነ አወቅን።

ቦርሳውን የሚይዝላት ሰው፣ ካዲ የሚሉት፣ የሚከፈለው በስፖንሰሩ ስለነበር እሱም ቀርቷል። ያ ሜዳ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ራሷ ተሸክማ ሁለት ቀን ብትጫወት በመጨረሻው እጇ ይዝላል። አባቷ ወገቡን ከታመመ ቆይቷል።

«እኔ እይዝልሻለሁ» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ።

«ባለ ጎማ ጋሪ አለው አይደል? ሃያ ዓመት ጋሪ ስገፋ ነው የኖርኩት።»

ልጄ ሳቀች፤ በዚያ ወር መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው። ከዚያ ማስተማር ጀመረች። ሳሎን ውስጥ ምንጣፉን ሜዳ አድርጋ የት እንደምቆም፣ ጥላዬ የት እንዳይወድቅ፣ ለኳሱ ወጥመድ የተደረገውን አሸዋ እንዴት እንደማስተካክል አሳየችኝ። ዱላዎቹን በቁጥር አውቃቸው ነበር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኳሱ ይርቃል። ለሃያ ዓመት ስታወራ እየሰማሁ፣ ነፋሱን አይቼ የትኛውን እንደምታወጣ በልቤ እገምት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነበርኩ። ይህን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«አሁን ዋናውን ስሚኝ» አለች። «ከእኔ በቀር ለማንም ተጫዋች ስለ ጨዋታዋ አትናገሪ። ይሄን ዱላ ምቺ፣ ወደዚህ ላኪው፣ ነፋስ አለ፣ ምንም። አንቺ ከተናገርሽ የምቀጣው እኔ ነኝ። ሁለት ምት ይጨመርብኛል።»

አባቷ ከሶፋው ላይ፣ «ለዝምታ ከሆነማ እንደ እናትሽ ያለ ካዲ በዓለም አይገኝም። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ስሳሳት አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም» አለ።

«አንተ መች ትሰማና» አልኩት።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ከተራሮቹ በኩል ነፋስ ተነሣ። ከልጄ ጋር የተመደቡት ሁለት ነበሩ። አንዷ ጀርባዋን ታማ ገና በአራተኛው ጉድጓድ አቋርጣ ሄደች። የቀረችው ከካናዳ የባሕር ጠረፍ አንድ አውራጃ ብቻዋን የመጣች ልጅ ነበረች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ቦርሳዋን ራሷ ተሸክማለች። ጫማዋ ሰፍቷት ተረከዙ ላይ ካልሲዋ ታጥፏል። እንግዲህ ሁለት ተጫዋቾች ነን፤ ማለቴ ሁለት ናቸው፣ እኔ ጋሪ ገፊ።

ስምንተኛው ላይ ልጅቷ ኳሷን ስታስቀምጥ ሁለት ጊዜ ወደቀባት። ጠዋት የበላች አልመሰለኝም። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ስለቀረው ለቤት የገዛሁት ተምር ነበር፤ ከኪሴ አራት አውጥቼ ዘረጋሁላት። ልጄን በዓይኔ ጠየቅኳት፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ምግብ ይፈቀዳል አለችኝ። ልጅቷ «ታንክ ዩ ማም» ብላ አራቱንም በላች። ፍሬውን ሜዳው ላይ መጣል ፈርታ ኪሷ ውስጥ ስታስገባ አይቼ ወደድኳት። ያሳደጋት ሰው አለ ማለት ነው።

ያን ቀን ልጄ ደህና ተጫወተች። ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ተቀመጥኩ፤ ግን አልተቀመጥኩም፣ በየዐሥር ደቂቃው እየተነሣሁ መስኮቱ ጋ ነፋሱን አያለሁ። ልጄም በክፍሏ ስትራመድ ወለሉ ይሰማል።

በሁለተኛው ቀን ከዚያችው ልጅ ጋር በመጨረሻ የጀመርነው እኛ ነበርን። ከኋላችን ማንም የለም። ነፋሱ ከትናንቱ የባሰ ነበር፤ የሌሎቹ ሁሉ ውጤት እየተበላሸ መምጣቱን በየመንገዱ ከምናገኛቸው ሰሌዳዎች እናያለን። ልጄ ግን ጸንታለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ እኔ ብቻ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሲጨንቃት አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶቿ ውስጥ ትደብቃለች። ከዐሥረኛው ጀምሮ አውራ ጣቷን አላየሁትም።

ዐሥራ ስድስተኛው አጭር ነው፤ ከዚህ ጫፍ ተመትቶ ውሃ ተሻግሮ በአንድ ምት ጉድጓዱ ያለበት ሣር ላይ መድረስ አለበት። መቆሚያው በዛፍ የተከለለ ስለሆነ ነፋሱ እዚያ አይሰማም፤ ከውሃው በላይ ግን አለ። ልጄ ቀድማ ስድስት ቁጥር መታች። ኳሱ ወጣ፣ ነፋሱ ያዘው፣ ከውሃው ማዶ ለጥቂት ደረሰ። እሷም ኳሱ የት እንዳረፈ ለማየት ወደ መቆሚያው ዳር፣ ዛፎቹ ወደሚያልቁበት ሄደች።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ዱላ መዘዘች። ስምንት ቁጥር ነበር። ቁጥሩን አየሁት። ዛፎቹ ጸጥ ስላሉ ነፋስ የለም ብላለች። ቀና ብላ ውሃውን አየች፣ ዱላውን ይዛ ወደ ኳሷ ተራመደች።

ደሴ ባደግኩበት ሰፈር ልጅ ወደ እሳት ሲጠጋ የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር «ተው!» ይላል፤ ካላለ ነው የሚወቀስ። እኔም አላሰብኩም። «ኖ፣ ኖ» አልኩ፤ እጄንም እንዲህ አድርጌ፣ «ሲክስ።»

ልጅቷ ቆመች። አየችኝ። ወደ ቦርሳዋ ተመልሳ ስድስት ቁጥሩን አወጣች። መታች፤ ኳሷ ከልጄ ኳስ ሁለት እርምጃ ርቆ አረፈ።

ልጄ ስትመለስ እጄ ገና ከወገቤ በላይ ነበር። ዝቅ አደረግኩት። «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ። ጋሪውን ገፋሁ።

ወደ ሣሩ የሚወስደው መንገድ ውሃውን የሚዞር ነው፤ ረጅም ነው። እዚያ መንገድ ላይ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። ሁለት ምት። ያለችኝ በግልጽ ነው፣ በአማርኛ ነው፣ ሳሎኔ ውስጥ ነው። ጋሪውን ተደግፌ ሄድኩ። ልጅቷ ከፊቴ ነበረች፤ አንዴ ዞራ አየችኝና ፈጥና ፊቷን መለሰች። ታውቅ ይሆን? አታውቅ ይሆን? ልጄ አልሰማችም። ዳኛም በአካባቢው አልነበረም። እኔ ዝም ካልኩ ነገሩ የለም።

ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ኳሷን ልትመታ ጎንበስ ብላለች። ዘጋሁት። እየተጫወተች ብነግራት ሌላ ምት ትስታለች ብዬ ነው፤ ደግሞም ስለፈራሁ ነው። የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። በዚያ ሰዓት የተመኘሁትን ብጽፍ ያሳፍራል፤ ወይ በጣም ጥሩ እንድትጫወት፣ ወይ በጣም መጥፎ እንድትጫወት ተመኘሁ። ሁለት ምት ለውጥ እንዳያመጣ። በጣም ወደ ፊት ብትሄድ ሁለቱ አይጎዷትም፤ ከወደቀችም የወደቀችው በእኔ አይሆንም። እናት እንዲህ ትመኛለች።

በጣም ጥሩም በጣም መጥፎም አልተጫወተችም። እንደ ሁልጊዜዋ ተጫወተች። በዐሥራ ስምንተኛው የመጨረሻውን ኳስ ስትከት፣ ክለብ ቤቱ በረንዳ ላይ የቆሙ ሰዎች አጨበጨቡ። ትልቁን ሰሌዳ ቀና ብዬ አየሁ፤ ደምሬ ቀንሼ አወቅኩት። በአንድ ምት ብልጫ ገብታለች። ልጄ ኮፍያዋን አውልቃ ወደ እኔ ስትመጣ አውራ ጣቷ ወጥቶ ነበር።

«እማ» አለች፣ «እማዬ፣ ገባን እኮ!»

ውጤት የሚፈረምበት ድንኳን ክለብ ቤቱ ጥግ ነበር። ውስጡ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ገለባ ኮፍያ ያደረገች በዕድሜ እኔን የምታክል ሴት ዳኛ። ልጄና ልጅቷ የውጤት ካርዶቻቸውን አነጻጸሩ። ልጄ እስክሪብቶ አነሣች። ካዲ ድንኳን ውስጥ አይገባም ብላኝ ነበር። ገባሁ።

«አትፈርሚ» አልኳት።

«እማ፣ ውጪ ጠብቂኝ...»

«አትፈርሚ። ዐሥራ ስድስተኛው ላይ ለልጅቷ ተናግሬያታለሁ።»

«ምን ተናገርሻት?»

«ሲክስ አልኳት። ስምንት ይዛ ነበር።»

ልጄ ዓይኖቿን ጨፈነች። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቀስ ብላ፣ ድምፅ እንዳያሰማ። ዓይኗን ስትከፍት እኔን አላየችም፤ ወደ ዳኛዋ ዞራ በእንግሊዝኛ ሁሉንም ተናገረች። ዳኛዋ ልጅቷን ጠየቀቻት፤ አንቺ ጠይቀሻታል? ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ፣ አልጠየቅኩም፣ ግን ሰምቻለሁ፣ ዱላም ቀይሬያለሁ አለች። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም አለች። ዳኛዋ መጽሐፉን ከፈተች፤ ሳታየውም የምታውቀው ይመስለኛል። ልጅቷ ስላልጠየቀች አትቀጣም። ልጄ ሁለት ምት። ከዚያ ዳኛዋ ኮፍያዋን አውልቃ፣ «አይ አም ሶ ሶሪ፣ ዲር» አለች፤ ለልጄ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም።

ልጄ በዐሥራ ስድስተኛው ሳጥን ውስጥ ሦስቱን ሰርዛ አምስት ጻፈች። ፈረመች። በአንድ ምት ገብታ ነበር፤ በአንድ ምት ወጣች። ከኋላዋ በአንድ ምት የቀረችው ልጅቷ በእሷ ቦታ ገባች።

ልጄ ከድንኳኑ ወጥታ ቀጥታ ወደ መለማመጃው ሣር ሄደች፤ ሦስት ኳስ ይዛ ከአንድ ጉድጓድ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ሌላው ትመታለች፤ ዞራ ትመለሳለች። ለምን እንደምትለማመድ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ፎጣውን ይዤ ቆምኩ። ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። ዱላዎቹን አውጥቼ አንድ በአንድ ጠረግኳቸው፤ ሳይቆሽሹ። ስድስት ቁጥሩ ጋ ስደርስ ዘለልኩት፤ ተመልሼ ደግሞ ጠረግኩት።

መኪና ማቆሚያው ላይ ልጅቷ እየሮጠች መጣች። ጫማ ቀይራለች። እጄን ያዘችኝና ብዙ ተናገረች፤ ግማሹን አልሰማሁትም። «ዩ ዲድ ናቲንግ» አልኳት። «ኢት።» የቀረውን ተምር ከነላስቲኩ ሰጠኋት። ወደ ልጄ ዞረች። ልጄ ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ ጫማሽ ሰፍቶሻል፣ ካርዱን ስታገኚ መጀመሪያ ጫማ ግዢ አለቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ ዲርፉት መንገድ ላይ ገባን። ልጄ ነበረች የምትነዳው። የዳውንታውን ፎቆች ከሩቅ ይታያሉ።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች።

«ቃል አስገብተሽኛል።»

«ያኔ ስለ ፎቶው ነበር እኮ ያወራሁት።»

«በዚያው ቀን ነው ያልሽኝ።»

ወደ እኔ አየት አድርጋ ወደ መንገዱ ተመለሰች። አፏ ጠርዝ ላይ ፈገግታ ነበር ይሁን ሌላ ነገር፣ መለየት አልቻልኩም። ጥቂት ከነዳች በኋላ፣

«ስምንት ነበር የያዘችው?» አለች።

«ስምንት።»

«ውሃው መሐል ነበር የሚገባላት።»

«አውቄ ነው።»

«ስድስት ልክ ነው» አለች። «እኔም ሰባት ላውጣ ስድስት እያልኩ ነበር። አንቺ የት ነው ያወቅሽው?»

ሰማሁ እንጂ፣ አየሁ እንጂ፣ ምን እላለሁ።

ቤት ስንደርስ አባቷ በር ላይ ቆሞ ነበር። ልጄ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገረችው። እሱ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። «ሠላሳ አምስት ዓመት» አለ፣ «ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ተቆጥባ ተቆጥባ፣ አንድ ቀን ተናገረች፤ እሱንም ለሰው ልጅ!» ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማን።

ልጄ እንዳለችው አደረገች። በዚያ መጸው በከተማው ሰሜን ምሥራቅ ባለ የቤት ውስጥ መለማመጃ ሥራ ያዘች፤ አሁን ሴት ልጆችን ታስተምራለች። ለማጣሪያ እንደገና አልሄደችም። ሂጂ ብለናት ነበር፤ አባቷ ደጋግሞ፣ እኔ አንድ ጊዜ። «ሄጄ አይቻለሁ» አለች። ፎቶው አሁንም ቁም ሣጥኔ ኋላ ቆሟል፤ እሷም እንዳለ ታውቃለች።

ባልናገር ኖሮ ብዬ የማስበው ሁለት ቦታ ነው። መቆሚያው ላይ ባልናገር ልጄ ካርድ ነበራት። ድንኳኑ ውስጥ ባልናገርም ካርድ ነበራት። የመጀመሪያው ይጸጽተኛል። ሁለተኛውን ሳስበው እነሣና ወጥቼ እሄዳለሁ፤ ፔንብሩክን ሁለት ጊዜ እዞራለሁ፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ አጥር እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ። የምጸጸትበትን ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። እግሬ ግን አያርፍም።

ባለፈው በጋ ያቺን ልጅ ቴሌቪዥን ላይ አየናት። አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ቦርሳዋን የሚይዝላት ሰው አላት፣ ጫማዋም ልኳ ነው። ሦስታችንም ሶፋው ላይ ነበርን። ውሃ ያለበት አጭር ጉድጓድ ላይ ቆማ ከካዲዋ ጋር ትነጋገራለች። ካሜራው የዛፎቹን ጫፍ አሳየ፤ ይወዛወዛሉ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «በይ፣ እማ። እዚህ ቅጣት የለም።»

የዛፎቹን ጫፍ አየሁ።

«በይ እንጂ፣ ልትመታ ነው!»

«ሰባት» አልኩ።

ልጅቷ ስድስት አወጣች። ኳሱ ሣሩን አልፎ አሸዋው ውስጥ ገባ።

«ሰባት ነበር» አለች ልጄ፣ ለአባቷ። ተነሥታ ሻይ ልታፈላ ወደ ኩሽና ሄደች። እኔ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።